አይፎን ኤክስአር ይላክልኝ ወይስ አዲስ ሳምሰንግ ኤ16 ልግዛ? አፕዴቱ ብዙ ዓመት ሚቆየው የቱ ነው

የመንዝ ባና፦
ሰላም ለሁላችሁ። በናታችሁ ስልክ ምታውቁ ሰዎች አንድ ነገር ምከሩኝ። መሐል ሜዳ ነው ያለሁት፣ እናቴና አክስቴ ሚሠሩትን ባና እና ዝተት በቴሌግራም እሸጣለሁ፣ ፎቶ አንስቼ እለጥፋለሁ፣ ገዢው ደብረ ብርሃንም ይሁን አዲስ አበባ ብሩን በሞባይል ያስገባል እኔ በመኪና እልክለታለሁ፣ በቃ ሥራዬ ሁሉ ስልኬ ላይ ነው ያለው። አሁን የያዝኩት አንድሮይድ 8 ነው። የባንኬ አፕ ሰሞኑን የስልክሽ ሲስተም አይደገፍም ብሎ አልከፈት አለኝ። ደንበኛ አስገብቻለሁ ይላል፣ እኔ ገብቶ እንደሆነ ማየት አልችልም፣ ስክሪንሾት ላኩ እያልኩ ነው፣ ስክሪንሾት ደግሞ ፎርጅድ ሚሠራበት ዘመን ነው እንደምታውቁት።

ምርጫዬ ሁለት ነው። አሜሪካ ያለው ወንድሜ ይዞት የነበረውን አይፎን ኤክስአር ሰው ሲመጣ ልላክልሽ ብሎኛል፣ በነፃ። ወይ ደግሞ ያጠራቀምኳት አለች፣ አዲስ ሳምሰንግ ኤ16 እገዛለሁ። ሰው ሁሉ አይፎን ብዙ ዓመት አፕዴት ያገኛል ይለኛል። እኔን ስሙ አያሳስበኝም፣ እንዲህ ያለ ነገር ቶሎ ድጋሚ እንዳይገጥመኝ ነው። የቱ ያዋጣኛል?

ሮቢት ሙቀቱ፦
ኧረ እህቴ በነፃ አይፎን እየመጣልሽ ምን ጥያቄ አለው ሃሃ። እ.ኤ.አ በ2013 የወጣው አይፎን 5ኤስ እኮ በ2023 ጃንዋሪ ሳይቀር የሴኩሪቲ ጥገና ወጥቶለታል። በሱ ጊዜ ከወጡ አንድሮይዶች እስከዛ ድረስ ከድርጅቱ አፕዴት ሲመጣለት የቆየ ካለ ስሙን ጥሩልኝ።

ጠባሴ ሞባይል ጥገና፦
ሮቢት የ5ኤሱ እውነት ነው፣ ግን የመጣለት ጥገና እንጂ አዲስ ሲስተም አይደለም፣ 5ኤስ አይኦኤስ (የአይፎን ሲስተም) 12 ላይ ቆሟል። ዋትሳፕ ደግሞ ከ2025 ሜይ ወዲህ ከአይኦኤስ 15.1 በታች ባለ አይፎን አይሠራም። ስለዚህ ስልኩ ቢጠገንም አፑ ጥሎት ሄዷል። እህታችንንም የገጠማት ይሄው ነው፣ ስልኩ አልተበላሸባትም አፑ ነው የተዋት።

እህቴ ወዳንቺ ስመጣ፣ ብራንዱን ተይውና ሞዴሉ መቼ ነው የወጣው በይ (ዓመቱን ሁሉ በፈረንጅ ነው ምጽፈው)። ኤክስአር የ2018 ስልክ ነው። የመጨረሻ ትልቅ ሲስተሙ አይኦኤስ 18 ሆኖ ቀርቷል፣ በ2025 ሴፕቴምበር የወጣው 26 ሚጭነው ከአይፎን 11 ጀምሮ ነው። ከ18 ወደ 26 የዘለሉት ቁጥሩን ከዓመቱ ጋር ለማገናኘት ነው፣ መሀል ላይ ያመለጠ ነገር የለም። ይሄ ማለት ኤክስአር ዛሬ ይሞታል ማለት አይደለም፣ ባንኮቹም 18ን ቶሎ አይጥሉትም፣ ግን ቆጠራው ጀምሯል።

ኤ16 በ2024 መጨረሻ አካባቢ ነው የወጣው። ሳምሰንግ ለሱ 6 ጊዜ አዲስ አንድሮይድ፣ 6 ዓመት የሴኩሪቲ አፕዴት ብሎ ቃል ገብቷል፣ እስከ 2030 አካባቢ ይወስድሻል። በዚህ ዋጋ እንዲህ ያለ ቃል ድሮ አልነበረም፣ 7 ዓመት ሚባለውን ያመጡት እነ የጉግሉ ፒክስል 8 እና የሳምሰንጉ ኤስ24 ናቸው፣ እነሱ ደግሞ ውድ ናቸው።

አሁን ሻጭ ማይነግርሽን ልንገርሽ። 6ቱ ዓመት ሚቆጠረው ስልኩ ለመጀመሪያ ጊዜ ገበያ ከወጣበት ነው እንጂ አንቺ ከገዛሽበት ቀን አይደለም። በ2028 ሱቅ ገብተሽ እሽጉን ብትገዢ የቀረሽ ሁለት ዓመት ነው። እንደ ዘይት ጄሪካን ኤክስፓየሪ ዴቱን አይተሽ ነው ምትገዢው። ኤ14 የሸጠልሽ ሰው ያው ሳምሰንግ ነው ሊልሽ ይችላል፣ የሱ ቃል ግን 2 ጊዜ ሲስተም 4 ዓመት ሴኩሪቲ ብቻ ነው። ቁጥሯን በደንብ እያት። ሌሎቹ ርካሽ ስልኮች ላይ ደግሞ የአፕዴቱ ቃል ወይ በጣም አጭር ነው ወይ ጭራሽ ካርቶኑም ላይ ዌብሳይቱም ላይ አይጻፍም፣ ካልተጻፈ የለም ብለሽ ያዢው።

የደነባው፦
ጋሼ ጠባሴ ግን አንድሮይድ ለምንድነው እንደዚህ ሚለያየው? ሁሉም የጉግል አይደል እንዴ። ሦስተኛ አማራጭስ የለም? እኔ ሉሚያ ይዤ ነበር በጣም ነበር ምወደው።

ጠባሴ ሞባይል ጥገና፦
የደነባው ሉሚያህን ነፍስ ይማር፣ ማይክሮሶፍት የስልኩን ዊንዶውስ ጥገና ሲያቆም ዋትሳፕም በ2019 መጨረሻ ተወው። የሁዋዌው አዲሱ ሲስተም ሃርመኒ ደግሞ የአንድሮይድ አፕ አይቀበልም፣ የኛን ባንኮች አፕ ይዘህ እሱ ውስጥ አትገባም። ለኛ ሁለቱ ናቸው ያሉት።

ለምን ይለያያል ላልከው፣ ጉግል አንድሮይዱን ይለቃል፣ ከዛ ቺፕ ሠሪው እነ ኳልኮም እነ ሚዲያቴክ ለቺፓቸው ያስተካክሉታል፣ ከዛ ስልክ ሠሪው ለያንዳንዱ ሞዴል ይሠራዋል ይፈትነዋል። አንዱ ጋ ብር አያዋጣም ከተባለ እዛው ይቆማል፣ ቺፕ ሠሪው ድራይቨሩን (ቺፑን ከሲስተሙ ጋር ሚያገናኘውን) መሥራት ካቆመ ስልክ ሠሪው ቢፈልግም ይከብደዋል። አፕል ቺፑንም ሲስተሙንም ራሱ ስለሚሠራ በአንድ ቀን ለሁሉም ይለቀዋል።

ግን እዚህ ጋ ሰው ማያየው ነገር አለ። አንድሮይድ ላይ ክሮም በፕሌይ ስቶር ለብቻው ይታደሳል፣ ከአንድሮይድ 10 ወዲህ ደግሞ አንዳንዱ የሲስተሙ ክፍል ራሱ በጉግል ፕሌይ በኩል ይመጣል፣ ስለዚህ ስልኩ ከፋብሪካው አፕዴት ቢያቆምም ትንሽ ይተነፍሳል። አይፎን ላይ ሳፋሪ ከሲስተሙ ጋር ነው የተጣበቀው፣ ሲስተሙ ቆመ ማለት ብራውዘሩም ቆመ፣ ክሮም ብትጭንበትም ውስጡ የአፕል ሞተር ነው። የአንድሮይዱም ገደብ አለው በርግጥ፣ አዲሱ ክሮም አሁን ከአንድሮይድ 10 በታች አይጫንም፣ የእህታችን 8 ወጥቷል ማለት ነው።

ሮቢት ሙቀቱ፦
እሺ ይሁን ግን ኤ16 4 ጊጋ ራም (የሥራ ሜሞሪ) ይዞ 2030 ይደርሳል? አፕዴቱ ይመጣል ስልኩ ግን ሃንግ እያደረገ ነው ሚቀበለው። አይፎን 11 ዩዝድ ብትፈልግ ይሻላታል፣ መልሳ ስትሸጠውም ዋጋ ያወጣል።

ጠባሴ ሞባይል ጥገና፦
እሱ ልክ ነህ አልክድህም። ኤ16 ባለ 6 እና ባለ 8 ጊጋም አለ፣ ሴቲንግ ገብተሽ ራሙን ራስሽ ሳታዪ ብር እንዳትቆጥሪ። አይፎን 11 ግን በ2019 የወጣ ነው፣ 26ን አግኝቷል ቀጥሎ መቆረጫው ላይ ያለው እሱ ነው። ዩዝድ ላይ ደግሞ ባትሪና ስክሪን ቅያሪ ነው ሚያጋጥመው።

የአይዶ ልጅ፦
እናንተ አፕዴት አፕዴት ትላላችሁ እስቲ እኛ ጋ መጥታችሁ አውርዱት። አንድ ትልቅ ሲስተም ስንት ጊጋ ነው፣ ፓኬጅ ይበላል፣ መብራት ይሄዳል። ዳታ ተዘግቶ በከረመበት ጊዜማ የ6 ዓመት ቃል ምን ሊያደርግልን። እህቴ ሴኩሪቲውን ትንሿን በዳታም ቢሆን አውርጃት፣ ትልቁን ግን ደብረ ብርሃን ስትወርጂ ዋይፋይ ያለበት ሻይ ቤት ቁጭ ብለሽ ነው። እስከዛ ደግሞ ብር መግባቱን ለማየት አፕ አያስፈልግሽም፣ ንግድ ባንክ ከሆንሽ *889#፣ ቴሌብር ከሆነ *127# ብለሽ እዪ፣ ባለ ቁልፍ ስልክም ላይ ይሠራል። ስክሪንሾት አትመኚ።

የመንዝ ባና፦
የአይዶ ልጅ እግዜር ይስጥልኝ፣ *889#ን ረስቼው ነበር አሁን አየሁ ገብቷል። ጋሼ ጠባሴ አንድ ነገር ልጠይቅህ፣ ወንድሜ ኤክስአሩ የገዛሁት ከስልክ ድርጅት በወር ክፍያ ነው አለኝ፣ ይሄ ችግር አለው? ሌላው 09ም 07ም መስመር አለኝ፣ ሁለቱንም ደንበኛ ይደውልባቸዋል።

ጠባሴ ሞባይል ጥገና፦
አለው። በወር ክፍያ የተገዛ የአሜሪካ ስልክ ሎክ ሊሆን ይችላል፣ የኛን ሲም አይቀበልም። ሴቲንግ፣ ጀነራል፣ አባውት ገብቶ ካሪየር ሎክ ሚለው ጋ የሲም ገደብ የለም ሚል ከሆነ ነፃ ነው፣ ካልሆነ እዛው ሆኖ ያስፈታው፣ እዚህ ከመጣ በኋላ ጣጣ ነው። የአፕል አካውንቱንም (አይክላውዱን) አውጥቶ ፋይንድ ማይ ሚለውን የጠፋ ስልክ መፈለጊያ አጥፍቶ ይላክ፣ አይክላውድ ላይ ተቆልፎ ሚመጣልኝ ስልክ ብዛቱ። ኤክስአር ሚቀበለው አንድ ሲም ካርድ ነው፣ ሁለተኛው ኢሲም ነው፣ ካርድ የለውም ስልኩ ውስጥ ነው ሚጫነው። ኤ16 ባለ ሁለት ሲሙን ከገዛሽ ሁለቱም ካርድ ይገባል። ለሌሎችም፣ ከአይፎን 14 ጀምሮ የአሜሪካዎቹ የሲም ቀዳዳ ጭራሽ የላቸውም፣ ዘመድ ልላክ ሲላችሁ ጠይቁ።

የመንዝ ባና፦
ወንድሜ አየው፣ ሎክ ነው ክፍያውም ገና አላለቀም። በቃ እዛው ይጠቀምበት። ቅዳሜ ደብረ ብርሃን እወርዳለሁ ባለ 6 ጊጋውን አያለሁ። ስገዛ እዛው ሱቅ ምን ላረጋግጥ? አሮጌውንስ ፎርማት አድርጌ ለአክስቴ ልስጣት?

ጠባሴ ሞባይል ጥገና፦
አስከፍተሽ አባውት ፎን፣ ሶፍትዌር ኢንፎርሜሽን ግቢ፣ የሴኩሪቲ ፓች ሚል ቀን አለ፣ ቀኑ በጣም የቆየ ከሆነ መጋዘን የከረመ ነው፣ ዋይፋይ ላይ አገናኝተው አፕዴት መቀበሉን ያሳዩሽ። *#06# ብለሽ ሚወጣውን የስልኩን መለያ ቁጥር ከካርቶኑ ጋር አመሳክሪ። አሮጌውን አሁን ፎርማት እንዳታደርጊ፣ ቴሌግራም አዲሱ ላይ ስትገቢ ኮዱን አሮጌው ላይ ወዳለው ቴሌግራም ነው ሚልከው። ባንኩም ሁሉም አዲሱ ላይ ሲከፈት ያኔ ትሰጫታለሽ። አክስትሽ ግን የባንክ ነገር እንዳትጭንበት።