የወፍጮ ቤትና የብረት ሥራ ቤት ጩኸት፦ ለማኅበራችን ጠቅላላ ጉባኤ የሚቀርበውን ሐሳብ አብረን እንጻፍ

ጸሐፊው (ደብረ ማርቆስ)፦ ሰላም ወገኖች። ረቂቁ አጭር ነው። መጀመሪያ እንለካ፣ ከዚያ ጩኸቱን ከምንጩ እንቀንስ፣ የቀረውን በጆሮ መድፈኛ እንከላከል። ገደባችን ናዮሽ የተባለው የአሜሪካ የሥራ ደኅንነትና ጤና ተቋም የሚመክረው ይሁን፦ በቀን ለ8 ሰዓት 85 ዴሲቤል (የድምፅ መጠን መለኪያ ነው)። 3 ዴሲቤል ሲጨምር የድምፁ ጉልበት እጥፍ ስለሚሆን ሰዓቱ በግማሽ ይቀንሳል። 88 ላይ 4 ሰዓት፣ 94 ላይ 1 ሰዓት፣ 100 ላይ 15 ደቂቃ ብቻ። በሉ አስተያየት ስጡበት።

ብረት ሠራተኛ (ቡሬ)፦ ምን አደከመን? ለሁሉም መድፈኛ ገዝተን እናድልና ይለቅ። ግራይንደር እንደሆነ ዝም አይል!

ወፍጮ ቤት (ፍኖተ ሰላም)፦ ወንድሜ፣ ለአንተ ይሠራ ይሆናል። እኔ ዱቄቱን በጣቴ እያሸሁ ድንጋዩን በጆሮዬ ነው የምጠብቀው። ጤፉ ሊያልቅ ሲል ድምፁ ይቀየራል። ያኔ ካልደረስኩ ድንጋይ ከድንጋይ ይፋጫል። ልጆቹ መድፈኛውን አውልቀው ኪሳቸው ነው የሚከቱት። አስፈጪውም «ተራዬ ደረሰ ወይ?» እያለ ይጮህባቸዋል። የብዙዎቻችንን ቤት የሚያናውጠው ሞተሩ ነው። የጭስ ማውጫው ድምፅ ማፈኛ፣ ማርሚታው፣ ተበስቶ ጩኸቱ ወደ ውስጥ ይገባል። ቺንጋው ላልቷል፣ ኩሽኔታው ተበልቷል። ሞተሩን በግድግዳ ለይቶ ጭስ ማውጫውን ወደ ውጭ ማዞርም አለ። እነዚህ ይቅደሙ።

ጸሐፊው፦ ልክ ነዎት እትዬ። ሁለተኛው ነጥብ ላይ እንዳለ ይገባል።

እንጨት ሥራ (ደምበጫ)፦ መለኪያውስ ከየት ይምጣ? ናዮሽ ነጻ አፕ አለው፣ ግን ለአይፎን ብቻ ነው። አይፎን የያዘ ፈጪ ካያችሁ ጥሩኝ። ዩኒቨርሲቲውን በውሰት እንጠይቅ። እስከዚያው ክንድ በሚያህል ርቀት ከቆመ ሰው ጋር ለማውራት መጮህ ካስፈለገ፣ ቤቱ 85ን ሳያልፍ አልቀረም ብለን እንመዝግብ። ሲለካ ደግሞ መሣሪያው በሠራተኛው ጆሮ ትክክል ይያዝ፣ እህል እየተፈጨ። ባዶ ሞተር አስነስቶ መለካት ራስን ማሞኘት ነው።

ብረት ሠራተኛ (ቡሬ)፦ እሺ፣ ተረታሁ። ግን መድፈኛው ከረቂቁ አይውጣ። እኛ ብረት ስንቆርጥ ሌላ መላ የለንም። ጥጥ መወተፍ ግን ይቅር፣ እምብዛም አይከላከልም። የስፖንጅ መድፈኛው በጣት ተጠቅልሎ ይቀጥናል፣ ጆሮ በሌላ እጅ ወደ ላይ ይሳባል፣ ገብቶ እስኪነፋ በጣት ይያዛል። ይህን የሚያሳይ ሰው ካልተመደበ ገንዘቡ ውኃ በላው። ወጪውን ማን ይችላል?

ጸሐፊው፦ ባለቤቱ ነዋ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የአደጋ መከላከያ ማቅረብን በአሠሪው ላይ ጥሎታል። ማኅበሩ በጅምላ ገዝቶ ዋጋውን ያቅልል። ከሠራተኛ ደመወዝ አይቆረጥም ብዬ እጽፋለሁ።

ወፍጮ ቤት (ፍኖተ ሰላም)፦ ልኬቱ በዓል ሲቃረብ ይሁን። ሞተሩ ከጧት እስከ ማታ የማያርፈው ያኔ ነው።

ጸሐፊው፦ ገብቷል። የደመወዙን ነገር የሚቃወም ባለቤት ካለ እስከ ዓርብ እዚሁ ይጻፍ።