እናቴ ለማዮማ ኦፕራሲዮን ሐረር ልትገባ ነው፤ ከአሁኑ ምን እናዘጋጅ?

የሳቢያኗ፦
ሰላም ለሁላችሁ። እናቴ 52 ዓመቷ ነው። ማዮማ (የማህፀን ዕጢ) ተገኝቶባት ማህፀኗ እንዲወጣ ተወስኗል። ሆዷ ተከፍቶ ነው የሚሠራላት። የምንኖረው ድሬዳዋ ነው፤ ቀጠሮዋ ግን ሐረር ሕይወት ፋና ሆስፒታል፣ በሚመጣው ወር። ደም ብዙ ስለሚፈሳት ትንሽ ስትራመድ ታለከልካለች። ከሰዓት ጫት ትቅማለች። ጎረቤቶቻችን «ከኦፕራሲዮን በኋላ ከአልጋ እንዳትነቃነቅ» ይላሉ። የማስታምማት እኔ ብቻ ነኝ፣ ፈርቻለሁ። የምታውቁትን ንገሩኝ።

የከዚራው፦
አቦ አይዞሽ እህቴ! እኔም ባለቤቴን ሐረር አስታምሜአለሁ። ሐረር ማታ እንደ ድሬ አይምሰልሽ፣ ይበርዳል። ለእሷም ለአንቺም ጋቢ ያዢ። ደም የሚሰጥ ዘመድ ካለ ከአሁኑ አናግሪው። ስትመለሱ የደንገጎ ጠመዝማዛ መንገድ አለ፤ ቀስ ብሎ የሚነዳ የምታውቁት ሰው ፈልጊ። ትራስ ሆዷ ላይ አድርጋ ትቀመጥ፣ የመኪናው ቀበቶ ቁስሉን እንዳይፈትገው።

ጡረተኛዋ ሲስተር፦
የኔ ልጅ፣ ዕድሜዬን በቀዶ ሕክምና ዋርድ ነው ያሳለፍኩት። መጀመሪያ ሄሞግሎቢኗ (የደሟ መጠን) ስንት እንደሆነ ጠይቂ። የሚያስለከልካት የደም ማነስ ሊሆን ይችላል። የአይረን ክኒን ካዘዙላት ቀጠሮው እስኪደርስ አትጠብቁ፣ ዛሬውኑ ትጀምር። በብርቱካን ጭማቂ ብትወስደው ጥሩ ነው። ሻይ፣ ቡናና ሆጃ (ከቡና ገለባ ወይም ቅጠል የሚፈላው) ግን ከክኒኑ ጋር አይሄዱም፤ አይረኑ ወደ ደም እንዳይገባ ይይዙታል። ሰገራዋ ቢጠቁር አትደንግጡ፣ ከክኒኑ ነው።

ጫቱን ለማደንዘዣ ባለሙያው ሳትደብቁ ንገሩት። የልብ ምትና የደም ግፊት ይጨምራል። የምግብ ፍላጎት ይዘጋል፣ ሆድ ያደርቃል። ሆዷ የተሰፋ ሰው ደግሞ ሽንት ቤት ገብታ ማማጥ የለባትም። ከአሁኑ እየቀነሰች ትተወው። የምትወስደውን መድኃኒት ሁሉ፣ የባህሉንም ጭምር፣ ቁጠሩላቸው።

አንድ ነገር ደግሞ ብዙ ሰው አያስበውም። ጣት ላይ የምትቆነጥጥ የኦክስጅን መለኪያ አለች፣ የምታነበው በብርሃን ነው። ጥቁር ሂናና የጥፍር ቀለም ያሳስቷታል። ቀለሙ ይነሳል፤ ሂና ግን ቶሎ አይለቅም፣ ስለዚህ ከአሁን ጀምሮ ጥፍሯን አትቀባ። ሆዷን ቤት ውስጥ በምላጭ አትላጩ፣ ጭረቱ ለኢንፌክሽን በር ይከፍታል። ምግብ አቁሙ ያሏችሁን ሰዓት አክብሩ። «ባዶ ሆዷን አትችልም» ብሎ ማጉረስ የለም፤ ስትደነዝዝ ሆዷ ውስጥ ያለው ምግብ ወደ ሳንባዋ ሊገባ ይችላል።

አሁን ወደ ጎረቤቶችሽ። እንዳትነቃነቅ የሚሉት በፍቅር ነው፣ ግን የሚጎዳት እሱ ነው። ዝም ብሎ የተኛ ሰው እግሩ ላይ ደም ይረጋል፣ ሳንባው ውስጥ አክታ ይከማቻል። ነርሶቹ ተነሺ ሲሏት በዚያው ቀንም ቢሆን ትነሳ። አነሳሷን ቤት አለማምጃት፦ ጉልበቷን አጥፋ ወደ ጎን ትዙር፣ እግሯን ከአልጋው ታውርድ፣ በክንዷ ገፍታ ትቀመጥ። ራሷ እስኪረጋ ትንሽ ትቆይ። ከዚያ እጇን ይዘሽ እስከ በሩ፣ በኋላ እስከ ኮሪደሩ ጫፍ። ስታስል ትራስ ሆዷ ላይ አጥብቃ ትያዝ። በየሰዓቱ በደንብ አየር ትሳብ። ሕመሙ መንቀሳቀስ ከከለከላት «ልቻለው» አትበል፣ ማስታገሻ ጠይቁ።

የሳቢያኗ፦
ሲስተር እግዜር ይስጥልኝ! እናቴ አነሳሱን ከአሁኑ እየሞከረችው ነው። እንጀራ መጋገር መቼ ትጀምራለች? ቁስሉ ላይስ ቅቤ ወይም ማር ይቀባል?

ጡረተኛዋ ሲስተር፦
ምንም አትቀቡ፣ ንጹሕና ደረቅ ይሁን። በድሬ ሙቀት ላብ ስለሚያረጥበው ሰፊ የጥጥ ቀሚስ ትልበስ፣ ውሃ በደንብ ትጠጣ። ውሃ መቅዳት፣ ሊጥ ማንሳት፣ ምጣድ ፊት መቆም ለ6 ሳምንት ያንቺ ሥራ ነው። እንቁላል፣ ምስር፣ ሽሮና ወተት አታሳጫት፣ ቁስል የሚጠግነው ምግብ ነው። ጠያቂ ሲበዛ ለእንግዳ ብላ እንዳትነሳ፣ ቡናውን ጎረቤት ታፍላ። ትኩሳቷ ከ38 ካለፈ፣ ቁስሉ ከቀላ፣ ከሸተተ ወይም መግል ካወጣ፣ ደም ከበዛባት ሐኪም ቤት ውሰጃት። አንድ እግሯ ካበጠና ካመማት ወይም ትንፋሽ ካጠራት እስኪነጋ አትጠብቂ፣ በዚያው ሰዓት ድንገተኛ ክፍል ውሰጃት።