«እንጨታም» ወይስ «እንጨታማ»?

ቡና ቀማሿ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ጅማ ነው ያለሁት፣ የቡና ናሙና እቀምሳለሁ። ትናንት የቀረበልን ቡና ገና ሳይቆላ ነበር የከረመ መሆኑ የታወቀኝ፤ አረንጓዴነቱን ለቆ ገርጥቷል። ተፈልቶ ስቀምሰው ያ የምናውቀው አሲድ የለም፣ የደረቀ ፍልጥ የላስኩ መሰለኝ። ቅጹ ላይ «ጣዕሙ እንጨታም» ብዬ ጻፍኩ። አለቃዬ አይቶ «ምነው፣ ጢምም አወጣ እንዴ ቡናው?» ብሎ ሳቀብኝ። ባልደረባዬ ደግሞ «እንጨታማ በይው» ይላል። እናቴ ብትሆን «እንጨት እንጨት ይላል» ብላ ስኒውን ታስቀምጥ ነበር። የቱን ልጻፍ?

ጡረተኛው መምህር፦
ልጄ፣ የአለቃሽ ቀልድ ቁም ነገር አለው። ጢማም፣ ሆዳም፣ ቅማላም ስንል ሰውየው ያንን ነገር አብዝቶ ይዟል ማለት ነው፤ ስድብም ይቀርበዋል (ሀብታም ብቻ ነው መሰለኝ የተረፈው)። «ወርቃማ ጸጉር» ስንል ግን ጸጉሩ ላይ ወርቅ የለም፣ መልኩ ነው። ስለዚህ ለጣዕም እንጨታማ ይሻላል። ተራራማ አገር ግን ተራራ አለው ብትዪኝ አልከራከርሽም፤ ድንበሩ ጥርት ያለ አይደለም።

በዕፅዋት ትምህርትም የምናውቀው እንጨታማን ነው። የቡና ተክል ራሱ እንጨታማ ነው። እንሰት ግን ቤት አክሎ ቢቆምም ግንድ የሚመስለው የቅጠሎቹ እግር ተደራርቦ ነው፤ በቢላዋ ትቆርጪዋለሽ፣ እንጨታማ አይባልም። ቀርከሃ ደግሞ ዘሩ ከሣር ሆኖ እንጨታማ ነው።

በርጩማ ጠራቢ፦
እኔ ዋንዛ ስጠርብ ነው ያረጀሁት፣ ባለ ሦስት እግሩን በርጩማ ከአንድ ግንድ። እንጨትን «እንጨታማ» ያለ ደንበኛ ገጥሞኝ አያውቅም! እንጨት ያልሆነውን ነው እንዲህ የምትሉት። ባለቤቴ የጎመኑ አገዳ ሲያረጅ «እንጨት ሆኗል» ብላ ትጥለዋለች፤ ማ የለ፣ ም የለ።

ቡና ቀማሿ፦
መምህር፣ ጋሼ፣ አመሰግናለሁ። የቅጹ ሣጥን ጠባብ ስለሆነ «እንጨታማ» ገባ፤ ማስታወሻው ላይ ግን የእናቴን ጻፍኩት። ጋሼ፣ አንድ ልጠይቅዎ፦ ዋንዛ ሲደርቅ ሽታው ከጽድ ይለያል አይደል? ቡናው የጽዱን ዓይነት ሽታ አልነበረውም፤ ባዶ፣ አቧራ ነገር ነበር።

በርጩማ ጠራቢ፦
በጣም ይለያል እንጂ። ነገ ስትወጪ ብቅ በይ፣ ፍቅፋቂውን በሁለት ፌስታል አሸትትሻለሁ።