ስኮትላንድ ተራራ ላይ አጋዘን አስበረገግኩባቸው፣ ምን ላድርግ?

ፈረስ ሳቢው፦
ሰላም ለእናንተ ይሁን። ከኢንቨርነስ ወዲያ ማዶ አንድ ሰፊ የግል መሬት ላይ፣ እዚህ እስቴት የሚሉት፣ የወቅት ሥራ ይዣለሁ። አዳኙ የጣለውን አጋዘን በፈረስ ጭኜ አወርዳለሁ። ከፈረስ ጋር ስላደግሁ ቀላል መስሎኝ ነበር። ባለፈው ሳምንት አለቃዬ «ፈረሱን ታች አስረህ ተከተለኝ» አለኝ። በደረታችን ተስበን ሁለት መቶ ሜትር ሲቀረን መንጋው ብድግ ብሎ ጠፋ። በማግስቱም እንዲሁ። ሰውዬው አልተቆጣኝም፤ ዝምታው ነው የከበደኝ። ጥፋቴ ምን ይሆን? ደግሞ ከኦክቶበር 21 ጀምሮ ሴቶቹን እንገድላለን፣ ከወንዶቹም ይበዛሉ አለኝ። እናት መግደል አልዋጥልህ ብሎኛል።

ኬርንጎርም 6 ዓመት፦
ምን ለብሰህ ነበር?

ፈረስ ሳቢው፦
ዝናብ የማያስገባ ሰማያዊ ጃኬት።

ኬርንጎርም 6 ዓመት፦
በል እሱን አውልቀው። አጋዘን ቀይና ብርቱካናማ እምብዛም አይለይም፣ ሰማያዊ ግን ደህና አድርጎ ያያል። ድምፁ ደግሞ ይብሳል፤ ቁጥቋጦ ሲነካው እንደ ፌስታል ይንኮሻኮሻል። የሱፍ ልብስ እንዲያውሱህ ጠይቅ። አለቃህ ሲተኛ ተኛ፣ ሸንተረሩ አናት ላይ ራስህን ብቅ አታድርግ። ሰው ሁሉ ባለ ቀንዱን ሲያይ መንጋውን የምትጠብቀው ግን አንዲት አሮጊት ሴት ናት። እሷ አንገቷን ቀና ካደረገች እስክትጎነበስ ድረስ ጣትህንም አታንቀሳቅስ።

የስካይ ልጅ፦
ነፋሱን ረሳችሁት። ከእነሱ ወደ እናንተ መንፈስ አለበት። ሸለቆው ጥግ ሲደርስ ደግሞ ይጠማዘዝና ከጀርባ ይመጣል፤ ደረቅ ሣር ቆንጥረህ በትን፣ ወዴት እንደሚሄድ እይ። ሽቶም ተው፣ ወንድሜ።

ደን ጠባቂ፦
ስለ እናቶቹ እኔ ልመልስ። አንድ ወንድ ብዙ ሴት ስለሚያስረግዝ አሥር ወንድ ብትገድልም የከርሞው ግልገል አይቀንስም። ተኩላ ከዚህ አገር ከጠፋ በመቶዎች የሚቆጠሩ ዓመታት አልፈዋል፤ ሰው ካልቀነሳቸው ክረምቱ መጨረሻ ላይ ረሃብ ይቀንሳቸዋል፤ ጎድናቸው ሲቆጠር አይቻለሁ። ችግኙንም ይጨርሱታል። ክሬግ መጊ የሚባለውን ተራራ ሄደህ ተመልከት፤ በ1986 ጥብቅ ቦታ ከሆነ ወዲህ አጋዘኑ ሲቀነስ ዛፉ ያለ አጥር ራሱ በቀለ።

ሕጉ ለሴቷ የሰጠው ጊዜ ከኦክቶበር 21 እስከ ፌብሩዋሪ 15 ነው፤ ከዚያ በኋላ እርግዝናዋ ይገፋል። ለወንዱ የነበረው የክልከላ ወቅት በ2023 ተነስቷል። ግልገል ያላት ከተገደለች ግልገሉም አብሮ ይገደላል፤ ያለ እናት ክረምቱን አይወጣውም ተብሎ ነው። መጀመሪያ ያየሁ ቀን እራቴን አልበላሁም።

ባለ ጋማው፦
የፈረሱን ነገር ማንም አላነሳም። ደም ሲሸተው ይደነብራል፤ ጃኬትህን ዓይኑ ላይ ጣልበት። ዝቅ ያለ ቦታ አቁመህ ከዳገቱ በኩል ጫን፣ ሆድ ዕቃው የወጣለት ወንድ 80 ኪሎ ገደማ ነው። ቀንዱ የፈረሱን ጎን እንዳይወጋ ራሱን ወደ ኋላ ጠምዝዘህ እሰር። ማታ ከጉልበትህ ኋላና ብብትህ ውስጥ መዥገር ፈልግ። ነክሶህ ቀይ ክብ ነገር ከወጣብህ ቶሎ ሐኪም ዘንድ ሂድ።

ፈረስ ሳቢው፦
ዓርብ ዕለት የተዋሰ ሱፍ ለብሼ ወጣሁ። አሮጊቷ ሦስቴ ቀና አለች፣ ውሃ ውስጥ ተኝቼ አልተንቀሳቀስኩም። በአንድ ጥይት ወደቀ። ፈረሱ ትንሽ አስቸገረኝ እንጂ ጃኬቱ ሠርቷል። ጭን ሰጡኝ፤ ጾም ስለሆነ ፍሪዘር ውስጥ ነው። ግን ይበላል?

የስካይ ልጅ፦
ዘዳግም 14 ላይ ዋላ ከሚበሉት ተቆጥሯል። ባርኮ ያረደው ሰው ስለሌለ የንስሐ አባትህን ጠይቅ። ከፈቀዱልህ ቅቤ አትሰስትበት፤ ስብ የለውም፣ እሳት ላይ ከቆየ እንደ ጫማ ሶል ይሆናል።