ጋርድ አድርጌ «መልቲፕል ዴፊኒሽን» ይለኛል፣ ድረሱልኝ!

ጠያቂ፦ ሰላም። ዛሬ ማታ የማስረክበው በሲ ቋንቋ የጻፍኩት ፕሮጀክት አለኝ። እስከ ትናንት ይሠራ ነበር። አሁን «መልቲፕል ዴፊኒሽን ኦፍ ካውንተር» (ካውንተር የሚባለው ቫርያብል ከአንድ በላይ ቦታ ተፈጥሯል) እያለ እምቢ አለኝ። ኮዱን አልነካሁትም! ኮንፊግ.ኤች በሚባለው ሄደር (ሲ ፋይሎቹ በጋራ የሚጠሩት ፋይል) ላይ ሁለቴ እንዳይገባ የሚከለክል ኢፍንዴፍ ጋርድ አለ። ኮዱን ወደ ማሽን ቋንቋ የሚቀይረው ኮምፓይለሩ ነው የተበላሸው። ጨርቄን ልጥል ነው።

ሴሚኮለን፦ በጋርዱ ፈንታ ፕራግማ ዋንስ የሚለውን መስመር አድርግበት፣ ያልቃል።

ሣቂታ፦ «ኮዱን አልነካሁትም» የሚል ሰው ሁሌም ነክቶታል።

ነባሩ፦ መጀመሪያ ልማድህን አስተካክል። የራስህን ሄደር በትምህርተ ጥቅስ፣ የሲስተሙን በማዕዘን ቅንፍ ጥራ። ኮንፊግ.ሲ ደግሞ ከሁሉም በፊት ኮንፊግ.ኤችን ኢንክሉድ ያድርግ። ሄደሩ የጎደለው ነገር ካለ ያኔውኑ ያጋልጠዋል። ከሌሎች ሄደሮች ሥር ከሆነ ግን የእነሱን ተውሶ ደህና ይመስላል። አንድ ቀን ቅደም ተከተሉን ስትቀይር ጉድህ ይፈላል።

ጠያቂ፦ እሺ ጋሼ፣ ግን የጠየቅኩት እሱን አይደለም። ፕራግማ ዋንስም ሞከርኩ፣ ያው ነው።

ሌሊት፦ ማሽን ቀይረሃል እንዴ?

ጠያቂ፦ አዎ፣ ዛሬ አዲስ ላፕቶፕ ላይ ጫንኩት። ምን አገናኘው?

ሌሊት፦ ይኸው! መጀመሪያ ብትነግረን ኖሮ። ሄደሩ ውስጥ «ኢንት ካውንተር» ብለህ ጽፈሃል አይደል? ኢንክሉድ ማለት ኮፒ ፔስት ነው። ሜይን.ሲም ዩቲል.ሲም የየራሳቸው ካውንተር አላቸው ማለት ነው። ጋርዱ የሚከለክለው እዚያው አንድ ሲ ፋይል ውስጥ ሁለቴ እንዳይገባ ብቻ ነው። እያንዳንዱ ሲ ፋይል ለብቻው ስለሚኮምፓይል የሌላውን አያውቅም። ድሮ የተኮምፓይሉትን ፋይሎች የሚያገጣጥመው ሊንከር ካውንተሮቹን ዝም ብሎ ያዋህዳቸው ነበር። በፈረንጆቹ 2020 ከወጣው ጂሲሲ 10 (የኮምፓይለሩ ቅጂ) ወዲህ ግን ይህ ቀርቷል። ኮምፓይለርህ ጤነኛ ነው፣ የድሮው ነው ሲሸፍንልህ የኖረው። ሄደሩ ላይ «ኤክስተርን ኢንት ካውንተር» በል፣ ቫርያብሉ ሌላ ቦታ አለ ማለት ነው። ኮንፊግ.ሲ ውስጥ ብቻ «ኢንት ካውንተር = 0» ብለህ ጻፍ። ለዛሬ ማታ ብቻ ከሆነ ሜክፋይሉ (የኮምፓይል ትእዛዞቹ ያሉበት ፋይል) ላይ የድሮውን ልማድ የሚመልሰውን «ኤፍኮመን» የሚለውን ፍላግ ብትጨምርም ያልፍልሃል።

ሣቂታ፦ ሄደሩ ላይ ካውንተሩን ስታቲክ ማድረግ አይቀልም?

ሌሊት፦ ኧረ ተው! ስህተቱ ይጠፋል፣ ግን እያንዳንዱ ፋይል የራሱን ካውንተር ይቆጥራል። ሜይን 5 ሲል ዩቲል 0 ይላል። ያኔ ነው ጨርቅ የሚጣለው።

ነባሩ፦ ሁሉም ፋይል የሚጋራው ግሎባል ቫርያብል ራሱ ለምን አስፈለገ?

ሌሊት፦ ጋሼ፣ ልጁ ዛሬ ማታ ነው የሚያስረክበው።

ሴሚኮለን፦ ፕራግማ ዋንሱን ከላይ ነው ያደረግከው ወይስ ከታች?