ሆለታ ቤት ተከራይቶ አዲስ አበባ መሥራት፦ ከመግባታችን በፊት ምን እንይ?

የልጆች እናት (ጠያቂ)
ጤና ይስጥልኝ። ባለቤቴ በሳምንት ሦስት ቀን ፒያሳ ይሠራል፣ እኔ ከቤት ነው የምሠራው። ልጆቻችን ሁለት ናቸው፤ ትልቁ ዘንድሮ 7ኛ ክፍል ነው። ሆለታ ላይ ግቢ ያለው ቤት ለመከራየት አስበናል። ቤት ስናይ መጀመሪያ ምኑን እንመርምር? መንገዱስ እንዴት ነው? አካባቢውን የምታውቁ በዝርዝር ብትነግሩን።

ቧንቧው
እህቴ፣ ከሁሉ በፊት ውሃውን እዪ። «ውሃ አለ» የሚል መልስ አይበቃም። በሳምንት ስንት ቀን፣ በስንት ሰዓት እንደሚመጣና በራሱ ጉልበት ሮቶው ድረስ መውጣት አለመውጣቱን ጠይቂ፤ አከራዩን ብቻ ሳይሆን ጎረቤቱንም። መስመሩ ሌሊት ብቻ የሚመጣበት ሰፈር ብዙ ነው፤ ያን ጊዜ ግፊቱ ማማ ላይ ያለ ሮቶ ለመሙላት ላይበቃ ይችላል። መፍትሔው መሬት ላይ 1,000 ሊትር ማጠራቀሚያ አስቀምጦ መስመሩን ወደዚያ ማስገባት፣ ከዚያ በግማሽ የፈረስ ጉልበት ፓምፕ ወደ ላይ መግፋት ነው። ፓምፑ በቀጥታ ከመንገዱ መስመር ጋር የተያያዘበት ቤት ካጋጠማችሁ እንዲነቀል አድርጉ። ፓምፕ መስመሩን ሲስብ ቱቦው በተሰነጠቀበት ሁሉ የቦይ ውሃ ይገባል፣ ጎረቤትም ውሃ ያጣል።

ለአራት ሰው፣ በነፍስ ወከፍ በቀን 50 ሊትር ብትይዙ 200 ሊትር ነው። 2,000 ሊትር ሮቶ አሥር ቀን ያቆያችኋል፤ 500 ሊትር ግን ሦስት ቀን አይሞላም።

ሌላው፣ ከ3 ሜትር ማማ የሚወርድ ውሃ ግፊቱ 0.3 ባር ገደማ ብቻ ነው። ሻወር ላይ የሚገጠመው ፈጣን ማሞቂያ በዚህ ግፊት ብዙ ጊዜ አይነሳም፤ ልብስ ማጠቢያ ማሽንም ውሃ ለመሙላት ይቸገራል። ሆለታ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፣ ቅዝቃዜው የዋዛ አይደለም። ወይ ግፊት መጨመሪያ ፓምፕ፣ ወይ ቦይለር ከአሁኑ በጀት ውስጥ አስገቡ።

ግንበኛ ነኝ
ቧንቧው ያለው ልክ ነው፣ እኔ ግን አፈሩን አስቀድማለሁ። ሆለታ ዙሪያ ቀይ አፈርም ዋልካም አለ። ዋልካ ክረምት ውሃ ጠጥቶ ያብጣል፣ በጋ ይሰነጠቃል፤ መሠረቱ ጥልቀት ከሌለው ቤቱ አብሮት ይንቀሳቀሳል። ምልክቱ ከመስኮትና ከበር ማዕዘን ተነሥቶ በሰያፍ የሚሄድ ስንጥቅ ነው። ቀጭን የልስን ስንጥቅ አያስጨንቅም፤ ሳንቲም የሚያስገባ ከሆነ ግን ቤቱን ተዉት። አንዱ ግድግዳ ብቻ አዲስ ቀለም ተቀብቶ ካያችሁም ለምን እንደሆነ ጠይቁ።

ከዚህም የባሰው የሽንት ቤት ጉድጓድ ነው። ዋልካ ውሃ አያሰርግም፤ ስለዚህ ክረምት ላይ ጉድጓዱ ሳይሰርግ እስከ አፉ ይሞላል፣ ፍሳሹም ወደ ግቢ ይመለሳል። መቼ እንደተመጠጠ ጠይቁ፣ መምጠጫ መኪናው እስከ ጉድጓዱ የሚደርስበት መንገድ መኖሩንም እዩ። ግቢው ውስጥ የውሃ ጉድጓድ ካለ ከሽንት ቤቱ ቢያንስ 30 ሜትር ይራቅ። የሚቻል ከሆነ ቤቱን ሐምሌ ወይም ነሐሴ ላይ፣ ዝናብ በጣለ ማግስት እዩት። ጸጥታ ፈልጋችሁ ከሆነ ደግሞ ከአስፋልቱ ራቁ፤ የአምቦና የነቀምቴ የጭነት መኪና ሌሊቱን ሙሉ ያልፋል።

የአምቦ መስመር
መንገዱ ወደ 40 ኪሎ ሜትር ነው፤ በመናገሻ፣ በገፈርሳና በቡራዩ አድርጎ አስኮ ይገባል። ጊዜ የሚበላው ከቡራዩ እስከ አስኮ ያለው ነው። ባለቤትሽ ከንጋቱ 12 ሰዓት በፊት ቢነሳ ይሻለዋል፤ ከ1 ሰዓት በኋላ የወጣ ሰው ቡራዩ ላይ ይቆማል። ፒያሳ ለመድረስ ከአስኮ ሌላ ታክሲ ይያዛል፣ የዚያን ሰልፍም ቁጠሩ። የማታው ይብሳል፦ ከመሸ በኋላ ከአስኮ የሚነሳው መኪና ይቀንሳል፣ የተገኘውም ቡራዩ ላይ ሊያራግፍ ይችላል። ሥራው እስከ ምሽት የሚያቆይ ከሆነ አዲስ አበባ ማደሪያ ሊኖረው ይገባል።

ወረቀት አዋቂ
ስለ ልጁ ልናገር። ልጁ በሚቀጥለው ዓመት 8ኛ ክፍል ነው፣ የክልል ፈተና አለበት። ሆለታ ኦሮሚያ ውስጥ ናት፤ በኦሮሚያ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ዋናው የማስተማሪያ ቋንቋ አፋን ኦሮሞ ነው። ስለዚህ ወይ የአማርኛ ክፍል ወይም የሚስማማችሁ የግል ትምህርት ቤት መኖሩን በአካል ሄዳችሁ አረጋግጡ፣ ወይ ፈተናውን አዲስ አበባ ጨርሶ ይምጣ። በዓመቱ መካከል ማዛወር የሚጎዳው ልጁን ነው።

ውሉን በጽሑፍ አድርጉ፣ ኪራዩንም በባንክ ክፈሉ። ቆጣሪው የግል ነው ወይስ የጋራ? የመብራት ታሪፍ ፍጆታ ሲጨምር በየእርከኑ ስለሚወደድ፣ ሦስት ቤት በአንድ ቆጣሪ ሲጠቀም ሁሉም በውዱ ዋጋ ይከፍላል። ውዝፍ አለመኖሩን በቆጣሪው ቁጥር አጣሩ። የአዲስ አበባ መታወቂያችሁን መልቀቂያ አውጥታችሁ ከመመለሳችሁ በፊት ደግሞ የኮንዶሚኒየም ምዝገባ ካላችሁ በደንብ አስቡበት።

የልጆች እናት
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ፈተናውን ጨርሶ ቢሆን ይሻላል ማለት ነው። ግቢው ላይ ቲማቲምና ድንች ይሆናል?

ግንበኛ ነኝ
ድንች አዎን፤ ጉደኔና ጃለኔ የሚባሉት ዝርያዎች እዚያው ሆለታ ምርምር ማዕከል የወጡ ናቸው። በመስመር መካከል 75፣ በተክል መካከል 30 ሳንቲ ሜትር ተዪ። በክረምት ድንቹ መሬት ውስጥ እንዳይበሰብስ ውሃ የማይቋጥር ከፍ ያለ መደብ ላይ ይተከል። ቲማቲም ግን ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ውርጭ በአንድ ሌሊት ያቃጥለዋል፣ ያለ ፕላስቲክ ቤት አትድከሚበት። በዚያ ወቅት ጎመንና ቀይ ሥር ይሻሉሻል።