4294967297 ፕራይም ነው? ሲ++ 0 ይላል፣ ፓይተን 1

ሐይቅ_ዳር፦
ሰላም ለዚህ ቤት። ሐዋሳ ላለው የሒሳብ ክበባችን ለቅዳሜ የፌርማን ፈተና በ4294967297 ላይ እያዘጋጀን ነው። 2^4294967296ን ለቁጥሩ ስናካፍል ቀሪው 1 ካልሆነ ፕራይም አይደለም። ምልክት በሌለው 64 ቢት በሲ++ የጻፍነው 0 ይሰጣል፤ ፓይተን ግን 1። የቱን እንመን? ደግሞ መብራት ቢጠፋ በሰሌዳ ብቻ የሚሠራ ማሳያ አለ?

ታቦር፦
0 በፍጹም ሊመጣ አይችልም። ቁጥሩ ጎዶሎ ነው፤ የ2 ርቢ ደግሞ ከ2 ሌላ ፕራይም አካፋይ የለውም። ፓይተን ልክ ነው።
ኮዳችሁ የተበላሸው ስድስተኛው ካሬ ላይ ነው። 2ን ደጋግማችሁ ካሬ ስታደርጉ 4፣ 16፣ 256፣ 65536፣ 4294967296 ይመጣል። የዚህ የመጨረሻው ካሬ 2^64 ነው፣ 18446744073709551616። ምልክት የሌለው 64 ቢት የሚይዘው ከዚህ በ1 የሚያንሰውን ድረስ ነው። ሞልቶ ይፈስና 0 ይቀራል፤ ከዚያ ወዲያ ሁሉም 0 ነው። ሊመጡ ከሚችሉት ቀሪዎች ሁሉ ካሬው በ64 ቢት የማይያዘው 4294967296 ብቻ ነው፤ በ2 ስትጀምሩ ደግሞ በቀጥታ እሱ ላይ ትደርሳላችሁ። ስለዚህ በ3 ወይም በ5 ሞክራችሁት ሠርቶ ቢሆን እንኳ ኮዱ ደህና ነው ብላችሁ አትለፉት። ማባዛቱን በ128 ቢት አድርጉት፣ ቀሪውን ካወጣችሁ በኋላ ወደ 64 መልሱት።

አላሙራ፦
1 ወጣ ማለት ግን ፕራይም ነው ማለት አይደለም። ፌርማ ራሱ ፕራይም መስሎት ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1732 ኦይለር 641 × 6700417 መሆኑን አሳየ። የፌርማ ቁጥሮች (2^(2^n)+1 የሆኑት፤ የኛው 2^32+1 ነው) ሁሉ በ2 ሲፈተኑ 1 ይሰጣሉ፣ ስለዚህ እዚህ 2 ምንም አይለይም። 3ን 31 ጊዜ ካሬ አድርጉት። ፕራይም ቢሆን 4294967296 መውጣት ነበረበት፤ የሚወጣው 10324303 ነው።
ለሰሌዳው፦ የዚህ ቁጥር ማንኛውም ፕራይም አካፋይ ለ128 ሲካፈል 1 ይተርፈዋል። 129፣ 257፣ 385፣ 513፣ 641 ብላችሁ ሂዱ። ከነዚህ ፕራይም 257ና 641 ብቻ ናቸው፤ በ257 ቀሪው 2 ነው፣ በ641 ያልቃል።
ረጅሙን ማካፈል ካልወደዳችሁ፦ 641 = 5×2^7+1 ነው፣ 5^4+2^4ም ነው። ለ641 ሲካፈል የ5×2^7 ቀሪ −1 ስለሆነ፣ ወደ አራተኛ ርቢ ሲነሳ 5^4×2^28 ቀሪው 1 ይሆናል። በ5^4 ቦታ −2^4 ተኩ፦ የ−2^32 ቀሪ 1 ሆነ፣ ማለትም 2^32+1 በ641 ተካፈለ። ሁለት መስመር ኖራ ይበቃዋል።

ሐይቅ_ዳር፦
በ128 ቢት 1 ሰጠ፣ በ3ም 10324303 ወጣ። እናመሰግናለን። 6700417 ራሱ ፕራይም መሆኑን ግን እንዴት እናሳይ?

ታቦር፦
በዚያው መንገድ። የሱ አካፋይ የትልቁም አካፋይ ስለሆነ የ128ቱ ሕግ ይሠራል። ካሬ ሥሩ ከ2589 ያንሳል፤ እስከዚያ ሕጉን የሚያሟሉት ፕራይሞች 257፣ 641፣ 769፣ 1153፣ 1409 ብቻ ናቸው። ቀሪዎቹ በቅደም ተከተል 170፣ 44፣ 120፣ 334፣ 622። አንዱም 0 አይደለም።